ከአጥሩ ላይ ያልወረደው አንሶላ

እትዬ ሳሙና የታጠበ ልብስ አጥፈው ከማስቀመጣቸው በፊት ያሸቱታል። አንሶላ ይሁን ሸሚዝ፣ የሕፃን ልብስ ይሁን የሽማግሌ ካፖርት፣ ከገመዱ ላይ ያወርዱትና ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዴ ሳብ ያደርጋሉ። ምንም ካልሸተታቸው ይታጠፋል። ላብ ላብ ካለ ተመልሶ ሳፋ ውስጥ ይገባል። ሳሙና ሳሙና ካለም እንደዚያው። «ንጹሕ ልብስ ምንም አይሸትም» ይላሉ። «ሳሙና ከሸተተ በደንብ አልተለቃለቀም ማለት ነው። ሽቶ ከሸተተማ አጣቢው አንድ የደበቀው ነገር አለ።»

ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ሊያበሽቃቸው ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደዱትና ስማቸው ሆኖ ቀረ። ሙያውን የወረሱት ከእናታቸው ነው። እናታቸው በሰው ቤት እየዞሩ ያጥቡ ነበር። ልጅቱ ግን «ልብሱ ወደ እኔ ይምጣ እንጂ እኔ ወደ ልብሱ አልሄድም» ብለው በራሳቸው ግቢ ጀመሩ። እንዲህ አፋቸውን ሞልተው ለመናገር ያስቻላቸው የግቢያቸው የውሃ ጉድጓድ ነው። ባለቤታቸው ገና ጎረምሳ ሳሉ ከአባታቸው ጋር የቆፈሩት፣ አፉ በድንጋይ የተገነባ፣ የብረት ክዳን ያለው ጉድጓድ ነው። ውሃው ለስላሳ ስለሆነ ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣበታል፤ ነጭ ልብስንም እንደ አዲስ ያደርጋል። የሐኪም ጋውን፣ የሆቴል አንሶላ፣ የሙሽራ ቀሚስ በዚያ ውሃ አልፎ ሄዷል። አውቶቡስ ተሳፍሮ ልብሱን የሚያመጣላቸው ሰው ሳይቀር ነበር።

ከግቢያቸው ግንብ ጀርባ የድሮው ነዳጅ ማደያ ነው። ባለቤታቸው ጉልበታቸውን የጨረሱት እዚያ ነው፤ ነዳጅ ቀጂ ነበሩ። ማደያው መዘጋቱን ለሠራተኞቹ የነገራቸው ሰው አልነበረም። አንድ ማለዳ ሥራ ሲገቡ የበሩ ቁልፍ ተቀይሮ አገኙት፤ በቃ፣ ስንብታቸው ያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ፣ አረም ወርሶት ተቀመጠ። ባለንብረቱን ያየው ሰው የለም። የሚታየው ወኪሉ ነው። ወኪሉ ጫማው አቧራ የማይነካው፣ ስልክ ከጆሮው የማይለይ፣ ትልቁን ሰው ሁሉ «እናቴ»፣ «አባቴ» እያለ በፈገግታ የሚያልፍ ሰው ነው።

ሽታው የመጣው ቀስ ብሎ ነው። አንድ ቀን እትዬ ሳሙና አንድ አንሶላ ከገመድ አውርደው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ፊታቸውን አኮማተሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያን የማደያ ካፖርትህን ከአንሶላው ጋር ነክረኸዋል?»

«ካፖርቴን አንቺው ራስሽ ጥለሽው የለም እንዴ?»

«ታዲያ ይኼ ምንድነው? እስቲ አሽትተው።»

ባለቤታቸው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ዕድሜ ልካቸውን ቤንዚንና ናፍጣ ሲምጉ ኖረዋልና ምንም አልመጣላቸውም። «የኔ አፍንጫ ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል» አሉና መለሱላቸው።

አንሶላው ተመልሶ ታጠበ። ባሰበት። እትዬ ሳሙና የጉድጓዱን ክዳን ከፍተው ወደ ታች ቢያዩ ውሃው ላይ ስስ ነገር ተንሳፍፎ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቀስተ ደመና ይሠራል። ክዳኑን ቶሎ ከደኑትና ዙሪያቸውን ቃኙ። የቤታቸውን ገመና ሰው ያየባቸው ነው የመሰላቸው።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት መምህርት ሸሚዟን ይዛ ተመለሰች። ደግ ልጅ ናት፤ ልታስቀይማቸው አልፈለገችም። «እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ ተማሪዎቼ ‹ቲቸር፣ መኪና ገዙ እንዴ?› አሉኝ» ብላ ሳቀች። እትዬ ሳሙናም አብረዋት ሳቁ። ልጅቱ ከግቢው እንደወጣች ግን የሳፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣል አድርገው ቆዩ። ስንት ዘመን የገነቡት ስም በአንዲት ሸሚዝ ሊናድ ነው።

ከዚያ በኋላ ከቦኖ ውሃ እየቀዱ ማጠብ ጀመሩ። ቦኖው ከመንገዱ መጨረሻ ነው። ባለቤታቸው በጋሪ ጀሪካን ይገፋሉ፣ እሳቸው ከኋላ ይደግፋሉ። ወገባቸው ተቆረጠ፣ ትከሻቸው ዛለ። ሰው ሲጠይቃቸው «ጉድጓዱን እያደስን ነው» ይላሉ። ልብስ ሰፊው ከማዶ ሆኖ «የእናንተ ጉድጓድ እድሳት ከቤተ መንግሥት በለጠ እኮ» እያለ ይቀልዳል። እትዬ ሳሙና ግን ውሃው ነዳጅ ነዳጅ ይላል የሚል ቃል ከአፋቸው አላወጡም። ወሬው ከወጣ ማን ልብሱን ይሰጣቸዋል?

ባለንብረቱ ለካ ቦታው ላይ ፎቅ ሊሠራ አስቧል። ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ የድሮ ማደያ ያለበት መሬት፣ አፈሩም የከርሰ ምድር ውሃውም መመርመር አለበት ተባለ። ከመሥሪያ ቤቱ አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጣች። የመሰርሰሪያ ማሽን የጫነ መኪና ቆርቆሮውን ከፍቶ ገባ። መሐንዲሷም የጎረቤቱን በር አንኳኳች።

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ከጉድጓድዎ የውሃ ናሙና እንወስዳለን። በቅርብ ያለ ጉድጓድ ሁሉ መታየት አለበት።»

እትዬ ሳሙና ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ያንን ገመና ለጎረቤት ሳያወሩት መንግሥት ራሱ መጥቶ ሊያውቅላቸው ነው። በሩን ዘግተው ዞር ሲሉ ግን ሌላ ነገር ትዝ አላቸው። ነገ እንግዳ ይመጣል። የተማረች ልጅ፣ ከነባልደረቦቿ። ክዳኑን ከፍታ ያንን ቅባት ልታይ፣ የግድግዳውን ዝቃጭ ልታይ። በእትዬ ሳሙና ግቢ።

ከሰዓቱን ሙሉ ባልዲ እያወረዱ ያንን ቅባታም ውሃ እየጨለፉ ደፉት። ድንጋዩን በብሩሽ ፈተጉት። ከዚያ ባለቤታቸውን ወደ ቦኖው አመላለሷቸው።

«አንቺ ሴትዮ» አሉ ባለቤታቸው ጀሪካኑን ወደ ጉድጓዱ እያጋደሉ፣ «ሊመረምሩት አይደል እንዴ የሚመጡት?»

«ቢመረምሩትስ? ቆሽሾ ያግኙት? ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ገላውን ታጥቦ አይደል የሚሄደው? ሐኪሙ እንደሆን በሽታውን ከሆድ ውስጥ ያገኘዋል።»

ባለቤታቸው አሰቡበት። ነገሩ ትክክል መሰላቸው። የመጨረሻውን ጀሪካን ገለበጡት። እትዬ ሳሙናም ከላይ በረኪና አፈሰሱበት፤ ሳይሰስቱ።

በነጋታው መሐንዲሷ መጣች። ጓንት አጠለቀች፣ መቅጃዋን አወረደች፣ ትንንሽ ጠርሙሶች ሞልታ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ደረደረች። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። እትዬ ሳሙና ከጎኗ ቆመው ያንን ጥራት ሲያዩ እንደ ሙሽራ እናት ኮሩ።

ውጤቱ የተነገረው በአካባቢው አስተዳደር አዳራሽ ነው። ኃላፊው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል፤ መሐንዲሷ አንገቷን ደፍታለች፤ ወኪሉ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን እያነበበ ነው። ማደያው ፊት ለፊት ከተቆፈረው አፈር ውስጥ ይህ ነው የሚባል ነገር አልተገኘም። ከልብስ አጣቢዋ ጉድጓድ በተወሰደው ውሃ ውስጥም ነዳጅ የለም። «በአጭሩ፣ ውሃው ንጹሕ ነው» አለ ወኪሉ።

«ምን?» አሉ እትዬ ሳሙና። ድምፃቸው ቀጥኖ ወጣ። «ንጹሕ ነው? የኔ ውሃ? ወገቤ የተቆረጠው ከቦኖ ስቀዳ አይደል እንዴ? እኔ እብድ ነኝ በቧንቧ ውሃ የማጥበው?»

«እናቴ፣ ይረጋጉ። ላቦራቶሪው ነው ያለው።»

«ልብሱ ይሸታል እያልኩህ!»

ወኪሉ ፈገግ አለ። ፈገግታውን ወደ አዳራሹ ሰው ሁሉ አዞረው። «ቢሸት አይደንቅም እኮ። ባለቤትዎ ማደያው ውስጥ ነዳጅ ቀጂ አልነበሩም? ቀጂ ደግሞ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ አይገባም። አንዱ የድሮ በርሜል ጓዳ ውስጥ ተረስቶ እንዳይሆን ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ። ባለቤታቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ያንኑ ባርኔጣ እያዩ ቀሩ። እትዬ ሳሙና ደማቸው ፈላ።

ሰው ሲበተን መሐንዲሷ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባቸው። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ናሙናውን ከመውሰዳችን በፊት ጉድጓዱ ውስጥ በረኪና ጨምረው ነበር?»

«እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጸዳም?»

መሐንዲሷ ግንባሯን ያዘች። «ሸቶኝ ነበር እኮ። የልብስ አጣቢ ግቢ ነው፣ በረኪና ካልሸተተ ምን ሊሸት ነው ብዬ አለፍኩት። ሌላስ ምን አደረጉ?»

ነገሯት። ጨለፋውን፣ ፈተጋውን፣ የቦኖውን ውሃ። እየነገሯት ሳሉ ልጅቱ ፊቷ ሲለዋወጥ አዩና ድምፃቸው እየቀነሰ መጣ።

«ታዲያ ያ መሣሪያሽ ከታች ያለውን አያገኘውም?»

«መሣሪያው የሚያየው ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ነዳጅ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። እርስዎ እሱን ቀድተው ደፉት። እኔ የመረመርኩት የቦኖውን ውሃ ነው፤ እሱ ንጹሕ መሆኑን በደንብ አረጋግጬልዎታለሁ።» መሳቅ ፈልጋ አልሆነላትም። «የማደያውን ጀርባ መቆፈር ፈልጌ ነበር። ድንጋይ ከምረውበታል። አንሱልኝ ስላቸው ‹የተቀበሩት የነዳጅ ታንከሮች ድሮ ወጥተዋል፣ እዚያ ምንም የለም› አሉኝ። ከእርስዎ ጉድጓድ አንድ ነገር ቢገኝ ኖሮ አስገድጄ አስነሳቸው ነበር።»

እትዬ ሳሙና ቀጥ ብለው ተመልሰው ኃላፊው ቢሮ ገቡ። የሆነውን ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የምሳ ሰዓታቸው ደርሶ ነበር።

«ድጋሚ ናሙና የሚወሰደው የአካባቢው ነዋሪ ቅሬታ ሲያቀርብ ነው» አሉ። «እርስዎ ደግሞ እስከ ዛሬ ‹ጉድጓዱን እያደስን ነው› ሲሉ ኖረዋል። ጎረቤት ቢጠየቅ ምን ብሎ ሊመሰክርልዎት ነው? ቅሬታ ከሌለ ፋይሉ ይዘጋል።»

ያን ዕለት ባለቤታቸው ምሳ አልቀመሱም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ግንቡን፣ ከግንቡ ማዶ ያለውን የማደያውን የዛገ ጣራ እያዩ ነበር። እትዬ ሳሙና ሳህኑን አጠገባቸው አስቀመጡ። ሲመለሱም ሳህኑ እንደተቀመጠ ነው።

«አንድ ጠርሙስ ላምባ ይዤ ወጥቼ አላውቅም» አሉ ባለቤታቸው። «መብራት ጠፍቶ ልጆቹ በጨለማ ሲያጠኑ እንኳ። ሱቅ ሄደሽ ነው የገዛሽው።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ።»

እትዬ ሳሙና ከዚህ በላይ አልሰሙም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ንዴታቸው በየአቅጣጫው የተበተነ ነበር፤ በራሳቸው ሞኝነት፣ በኃላፊው ምሳ፣ በዚያ ፈገግታ። አሁን ግን አንድ ቦታ ገባ። ለካ እሳቸው ጉዳቸውን ሸፍነው በቦኖ ውሃ ሲለቃለቁ የኖሩት ለዚያ ሰውዬ ነው። ነዳጁን ያፈሰሰው እሱ፣ ሽታውን የደበቁለት እሳቸው፤ ሌባ የተባሉት ደግሞ ባለቤታቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከሣጥናቸው ምርጡን ነጭ አንሶላ አወጡ። የደንበኛ አይደለም፣ የራሳቸው ነው። የጉድጓዱን ክዳን ከፈቱ። ከጽዳቱ በኋላ ቀናት አልፈዋል፤ ያ ቀስተ ደመና ተመልሶ ቦታውን ይዟል። አንሶላውን በዚያ ውሃ ነከሩ፣ ጠመዘዙ፣ በሳፋ ተሸክመው ወደ መንገዱ ወጡና በማደያው የቆርቆሮ አጥር ላይ፣ ከእግረኛ በሩ አናት ዘርግተው ሰቀሉት። መንገደኛ ሁሉ የግድ የሚያልፍበት ቦታ ላይ።

ልብስ ሰፊው ከሱቁ ብቅ አለ። «እትዬ፣ ግቢዎ ውስጥ ገመድ ጠፋ እንዴ?»

«ና ወዲህ። አሽትት።»

መጣ፣ አሸተተ፣ ወደ ኋላ ሸሸ። «ኧረ ይኼማ ሞተር ቢገጠምለት ሌላ ከተማ ያደርሳል» አለ። ከዚያ ግን ፊታቸውን አየና ሳቁን ዋጠ። «የጉድጓዱ ውሃ ነው?»

«የጉድጓዱ ነው። ከቦኖ የምቀዳው ለዚህ ነው። እድሳት ምናምን የለም፤ ዋሽቼሃለሁ። አሁን ለፈለግከው ሰው አውራ።»

ልብስ ሰፊው እንዲህ ያለ ፈቃድ በዕድሜው አግኝቶ አያውቅም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ መንገዱ ሁሉ ሰማ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው አሸተቱ። አንድ የሆቴል ሠራተኛ አሽትቶ፣ እትዬ ሳሙናን አየት አድርጎ ሄደ። በማግስቱ የሆቴሉ አንሶላ አልመጣም። እንደማይመጣ ያውቁ ነበር።

አንሶላው የተሰቀለ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከማደያው በዚያኛው ወገን የምትኖረው ቤት አከራይ መጣች። አንሶላውን አላሸተተችም። ከሩቁ ቆማ ብቻ አየችው።

«የኔም ጉድጓድ እንዲህ ከሆነ ሰነበተ» አለች። «ተከራዮቼ ጥለውኝ እንዳይሄዱ ዝም አልኩ፤ መሐንዲሷንም ‹ጉድጓድ የለኝም› ብዬ መለስኳት። የምጠጣውን በጀሪካን እየገዛሁ ‹ለሆዴ ሐኪም አዞኝ ነው› እላቸዋለሁ።»

«አንቺም?»

«የኔ ብቻ ነበር የመሰለኝ።»

«እኔም የኔ ብቻ መስሎኝ» አሉ እትዬ ሳሙና። «ያ ሰውዬ እኮ ሲስቅ የዋለው በእኛ ይሉኝታ ነው።»

በሚቀጥለው ቀን ወደ አዳራሹ የሄዱት ብቻቸውን አልነበረም። አከራይዋ ከነተከራዮቿ፣ ልብስ ሰፊው፣ መምህርቷ፣ ሌላም ሰው አብሯቸው ነበር። እትዬ ሳሙና ሳፋቸውን ይዘዋል። ወኪሉ ከኃላፊው ጋር ሻይ እየጠጣ ፋይሉን ሊያስፈርም ተቀምጦ አገኙት። ከጉድጓዱ ውሃ የወጣ ሌላ እርጥብ አንሶላ ከሳፋው አንስተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቱ ዘረጉት።

ወኪሉ ከወንበሩ ብድግ ብሎ መሐረብ አፍንጫው ላይ ለጠፈ። «ይህን ያውጡልኝ!»

«ምን ሆንክ፣ ወንድሜ? በንጹሕ ውሃ የታጠበ ነው። ወረቀቱ በእጅህ አይደል?»

ኃላፊው መስኮቱን ከፈቱ። በመስኮቱ በኩል በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው ሲያዩ ፋይሉን ከጠረጴዛው አነሱና መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጉት። «ድንጋዩ ይነሳ» አሉ። «ድጋሚ ይቆፈራል።»

ለሁለተኛው ምርመራ እትዬ ሳሙና አንድ ነገር ብቻ ታዘዙ፤ ጉድጓዱን እንዳይነኩት። በሕይወታቸው እንዲህ የከበደ ትእዛዝ ተቀብለው አያውቁም። የጉድጓዱ አፍ አቧራ ለብሶ፣ ቅጠል ወድቆበት እያዩ መጥረጊያውን ያነሱና መልሰው ያስቀምጡት ነበር። መሐንዲሷ ስትመጣ «በዚህ መልኩ ቤቴን ሰው እንዲያይ አድርገሽ ገደልሽኝ» አሏት። ልጅቱ ክዳኑን ከፍታ ወደ ታች አየችና «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ፣ ዛሬ በጣም ቆሽሾ ነው የጠበቀኝ» አለች።

በማደያው ጀርባ ማሽኑ መሰርሰር ጀመረ። መጀመሪያ የወጣው አፈር ቀይ ነበር። ቀጥሎ ግራጫ ሆነ። ከዚያ ጥቁር፣ እንደ ዝቃጭ የሚያብረቀርቅ አፈር መውጣት ሲጀምር ማሽኑን የያዘው ሰው ሳይቀር ፊቱን አዞረ። እትዬ ሳሙና ከባለቤታቸው ጋር በግንቡ በኩል ቆመው ያያሉ። ባለቤታቸው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ አዞሩ።

«ሸተተኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ወጥተዋል የተባሉት ታንከሮች እዚያው ነበሩ፤ ሆዳቸው በዝገት ተበስቶ፣ የቀረውን ነዳጅ ለመሬቱ እያጠጡ። ውሳኔው ተጻፈ። ባለንብረቱ ታንከሮቹን እንዲያወጣ፣ የተበከለውን አፈር እንዲያነሳ፣ እስከዚያው ለጎረቤቶቹ ውሃ እንዲያቀርብ። ፎቁ ቆመ። ከውሳኔው ጋር ግን ሌላ ሰው መጣ፤ የእትዬ ሳሙናን ጉድጓድ ክዳን በሰንሰለት አስሮ ቁልፍ ሰቀለበት።

«መቼ ነው የሚከፈተው?» አሉ መሐንዲሷን።

ልጅቱ ልትዋሻቸው አልፈለገችም። «ዓመታት ሊወስድ ይችላል፣ እትዬ። ምናልባትም አይከፈት ይሆናል።»

«ያጠፋው ሌላ፣ የተቆለፈበት የኔ ጉድጓድ» አሉ። ጎንበስ አሉና፣ ባለቤታቸው ከአባታቸው ጋር የደረደሩትን ድንጋይ በእጃቸው መዳፍ አንዴ ዳበስ አድርገው ተነሱ።

ውሳኔው በአዳራሹ ሲነበብ ወኪሉ ከፊት ወንበር ነበር። አንብበው ሲጨርሱ እትዬ ሳሙና ቆሙ።

«አንድ የቀረ ነገር አለ። ይህ ሰውዬ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ባለቤቴን ሌባ ብሏል። ቃሉን እዚሁ ይመልስ።»

ወኪሉ ስልኩን ያይ ጀመር። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱ እንኳ በእኛ ሥልጣን ሥር አይደለም፣ እትዬ። እኛ የምናየው አፈሩንና ውሃውን ነው።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የውሃ መኪናው መምጣት ጀመረ። መምህርቷ ሸሚዞቿን መልሳ አመጣች፤ አከራይዋም የተከራዮቿን መጋረጃ ሰብስባ ላከች። ሆቴሉ አልተመለሰም። እትዬ ሳሙና ከመኪናው በተቀዳ ውሃ ያጥባሉ፣ ከገመድ ያወርዳሉ፣ ያሸታሉ። ምንም አይሸትም። ያጥፋሉ።

አንሶላው ግን አሁንም አጥሩ ላይ ነው። ፀሐይ አድርቆት፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ከነጭነት ወጥቷል። ወኪሉ አፈሩ ሲነሳ ሊቆጣጠር በየጊዜው ይመጣል። ሌላ የእግረኛ በር ስለሌለ በአንሶላው ሥር አጎንብሶ ነው የሚገባው።

«አውርጂው እንግዲህ» አሉ ባለቤታቸው አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሆነው። «በደጅሽ እንዲህ የቆሸሸ ነገር ተሰቅሎ አይቼ አላውቅም።»

እትዬ ሳሙና የሚያጥፉትን ሸሚዝ አላቋረጡም። «ያን ቃሉን መጥቶ ከደጄ ይውሰድ» አሉ። «ያኔ አውርጄ አጥበዋለሁ።»